ቀጭን ምንቃር፣ ረጅም ክርክር

ይህ ጥናት ጭቃ ላይ የሚቆሙ ሁለት ፍጥረታትን ይመለከታል። አንደኛው ረጅም ምንቃር ያለው ቡናማ ወፍ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ወፉን በቴሌስኮፕ የሚያየው ሰው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል። ሁለተኛው ግን ቁጥሩ ከወፉ እጅግ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ተገቢውን ሳይንሳዊ ትኩረት አላገኘም።

ወፉ ባለ ቀጭን ምንቃሩ ከርሊው ይባላል። ከርሊዎች ምንቃራቸው ወደ ታች የጎበጠ፣ እግራቸው የረዘመ፣ የውሃ ዳር ጭቃ እየወጉ ትልና ሸርጣን የሚለቅሙ ወፎች ናቸው። ይህኛው ከሩቅ ሰሜን ምሥራቅ ተነስቶ በሜዲትራንያን ዙሪያ ይከርም ነበር። መለያዎቹ ግልጽ ናቸው። ከተራው ከርሊው ያንሳል፤ ጎን ለጎን ከቆሙ። ምንቃሩ ይቀጥናል፤ በተለይ ጫፉ፣ ጭቃ ውስጥ የገባው። ጎኑ ላይ የልብ ቅርጽ ያላቸው ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉት፤ ወጣት ካልሆነ። የክንፉ ሥር ነጭ ነው፤ ከወደ ምሥራቅ የሚመጣው የተራው ከርሊው ዘርም እንዲሁ ነጭ ነው።

እዚህ ላይ የተራው ከርሊው ጠባይ ነገሩን ያወሳስበዋል። የሴቷ ምንቃር ከወንዱ ይረዝማል፤ የዘንድሮው ጫጩት ምንቃር ደግሞ ገና አድጎ አልጨረሰም። ስለዚህ በየመንጋው ውስጥ ከጓደኞቹ አነስ ያለ፣ ምንቃሩም አጠር ያለ አንድ ወፍ አይጠፋም። ዊምብረል የሚባለው ዘመዳቸውም አለ፤ እሱን አናቱ ላይ ባለው መስመር መለየት ይቻላል፣ ፊቱን ካዞረ። የክንፉን ሥር ማየት የፈለገ ደግሞ ወፉ ክንፉን እስኪያነሳ ይጠብቃል። ወፉ ክንፉን የሚያነሳው ተመልካቹ አንገቱን ደፍቶ ማስታወሻ በሚጽፍበት ቅጽበት መሆኑ በመስክ ሥራ በተደጋጋሚ ተረጋግጧል።

ተመልካቹን መለየት ከዚህ ይቀላል። ተራው ተመልካች ባለ ሦስት እግሩን ቴሌስኮፕ ትከሻው ላይ ይሸከማል፣ ሰላምታውም «ምን አለ?» ነው። ከእሱ ጋር በቀላሉ የሚምታታው እርግጠኛው ነው፤ መለያው ድምፁ ሲሆን የወፉን ስም የሚጠራው መነጽሩን ከማስተካከሉ በፊት ነው። ሦስተኛው «ትናንት ነበር» ባዩ ሲሆን፣ በሁሉም አህጉር የሚገኝ፣ የመጥፋት ስጋት የሌለበት ዝርያ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ቆሞ ከሰሜን የሚመጡትን ትናንሽ ቡናማ ወፎች ለመለየት የሞከረ ሰው ያውቀዋል።

እንግሊዞች ይህን ሁሉ ሥርዓት ለማስያዝ በ1959 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የብርቅዬ አእዋፍ ኮሚቴ አቋቋሙ። ዐሥር ድምፅ ሰጪዎች አሉት። አየሁ የሚል ሰው ያየውን ጽፎ ያቀርባል፣ እነሱ መርምረው ይፈርዳሉ። ወፉ አይቀርብም። ቀበሌ ሄዶ በምስክር መታወቂያ ያወጣ አንባቢ በዚህ አሠራር አይገረምም።

በ1998 በግንቦት ወር በሰሜን እንግሊዝ፣ ድሩሪጅ ቤይ፣ አንድ አነስ ያለ ከርሊው ታየ። ሕዝብ ጎረፈ። ነጠብጣቦቹ መጽሐፍ እንደሚለው አልነበሩም፤ ወጣት ስለሆነ ነው ተባለ። ማብራሪያው ጥሩ ነው፤ ምልክት ቢኖር ማስረጃ ይሆናል፣ ባይኖርም ዕድሜ ይሆናል። ወፉ ተቀባይነት አገኘ፣ በብሪታንያ የአእዋፍ ዝርዝር ውስጥም ገባ። ከዐሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ፋይሉ እንደገና ተመረመረና ማስረጃው አይበቃም ተብሎ ተሰረዘ። በቦታው የነበሩ ሰዎችም ከየግል መዝገባቸው አንድ መስመር መፋቅ ነበረባቸው። ሁሉም ፍቀዋል ብሎ ይህ ጥናት አይምልም።

የዘመን ቅደም ተከተሉን ማየት ይጠቅማል። ወፉ የሚያልፍባቸው አገሮች እሱን ለመጠበቅ የመግባቢያ ሰነድ የተፈራረሙት በ1994 ነው። ማንም የማይከራከርበት የመጨረሻ ዕይታ የተመዘገበው በየካቲት 1995 ሞሮኮ ውስጥ፣ መርጃ ዘርጋ በሚባለው ረግረግ ነው። ጎጆውን አግኝቶ የመዘገበው ኡሻኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ብቻ ሲሆን፣ ያገኘውም በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሳይቤሪያ ውስጥ ታራ አካባቢ ነበር፤ ፈላጊዎችም ለአሥርት ዓመታት ወደዚያው ተመላለሱ። በ2018 የወጣ ጥናት በሙዚየም የተቀመጡ ላባዎችን ኬሚካል መርምሮ፣ ዋናው የመራቢያ ቦታ ከዚያ በስተደቡብ፣ ሰሜን ካዛክስታንን በሚጨምረው የሣር ሜዳ ሳይሆን እንዳልቀረ አመለከተ። በ2024 ሌላ ጥናት ወፉ የመጥፋቱ ዕድል 96 በመቶ ነው አለ። በጥቅምት 2025 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መጥፋቱን በይፋ አወጀ። እንግዲህ ስለ ወፉ ያለው ዕውቀት ከምንጊዜውም በላይ የተሟላው ዛሬ ነው።

ረግረጉ ሲደርቅ፣ የሣር ሜዳው ሲታረስ፣ ጥይቱም ሲተኮስ የመለየት ችግር ያጋጠመው እንደሌለ መመዝገብ አለበት። አዳኙ በነጠብጣብና በክንፍ ሥር ላይ አልተከራከረም፤ ሁሉንም ከርሊው በአንድ ስም ያውቃቸዋል፣ ወጥ።

ከ96 በመቶው የተረፈው አራት በመቶ የተመልካቾች ድርሻ ነው። እርግጠኛው በየዓመቱ መኸር ላይ የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው።

ዘዴን በተመለከተ ከሁሉ የላቀው ሥራ የተሠራው በ2004 እንግሊዝ ውስጥ፣ ሚንስሚር በሚባለው ጥብቅ ቦታ ነው። እዚያም አንድ አጠራጣሪ ከርሊው መጣ፤ እዚያም ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ምንቃሩ ተመረመረ፣ ጎኑ ተፈተሸ፣ ፎቶው ከፎቶ ጋር ተነጻጸረ፣ ነገሩ ግን አልለየለትም። በመጨረሻ የወፉ ኩስ ተለቅሞ ለዲኤንኤ ምርመራ ተላከ። ተራ ከርሊው ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ከእንግዲህ ጭቃ ዳር የሚወጣ ቡድን ከቴሌስኮፑ ሌላ ማንኪያና ክዳን ያለው ዕቃ ይዞ እንዲወጣ ጥናቱ ይመክራል። ወፉ እስኪሄድ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከሄደም በኋላ የእሱን ኩስ በአካባቢው ካሉት ከሌሎቹ ከርሊዎች ኩስ መለየት ያስፈልጋል። ማንኪያውን ማን ይይዛል የሚለውን ለመወሰን ኮሚቴ ቢቋቋም ተገቢ ነው።