መድረስ የማይፈልግ ተሳፋሪ

ዙሪክ ዋናው ባቡር ጣቢያ ባቡር በገባ ቁጥር ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ መውጫው ይነጉዳል። በዚያ ግርግር መሃል ወደ ተቃራኒው፣ ጣሪያው አልቆ ካፊያው ወደሚጀምርበት የፕላትፎርም ጫፍ የሚያዘግም ሰው ካያችሁ መንገድ የጠፋበት እንግዳ ነው ብላችሁ አትዘኑለት። ባቡር ወዳድ ነው። አንገቱ ላይ ካሜራ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ጫፉ የተላላጠ ማስታወሻ ደብተር፣ እጁ ላይ ግማሹ የተበላ ሳንድዊች አለ። የሚጽፈው የሎኮሞቲቩን ቁጥር ነው። ቁጥሩን ምን ያደርግበታል? ይጽፈዋል። ከጻፈ በኋላስ? ሌላ ባቡር ይገባል፤ የእሱንም ይጽፋል።

ባቡር ወዳድ በየአገሩ አለ። ሁሉም ግን ከዕለታት አንድ ቀን ስዊዘርላንድን መሳለም ይፈልጋል። አይፈረድበትም። የዚያ አገር ሐዲድ ገደል ይሻገራል፣ ተራራ ይበሳል፤ ፒላቱስ የተባለው ተራራ ላይ ደግሞ ከ1889 ጀምሮ በጥርሳም ሐዲድ እየተንጠላጠለ በመቶ ሜትር እስከ 48 ሜትር ይወጣል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ባቡሩ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው።) ዩንግፍራውዮህ የሚባለው ጣቢያ 3,454 ሜትር ላይ ተቀምጦ «የአውሮፓ ጣሪያ» ተብሎ ይሸጣል። እንጦጦ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ከ3,000 ሜትር በላይ ሲመላለሱ የኖሩ ናቸውና ይህን ቢሰሙ ቲኬቱ ስንት ነው ብለው አይጠይቁም።

የአገሩ የባቡር ታሪክ ራሱ አጀማመሩ ከቁም ነገር ይልቅ ለቀልድ ይቀርባል። ሙሉ በሙሉ በስዊዝ ምድር የተዘረጋው የመጀመሪያው ሐዲድ በ1847 ዙሪክንና ባደንን ያገናኘው ነው፤ ሕዝቡ ያወጣለት ስም ግን «የስፓኝ ዳቦ ባቡር» ነበር። ባደን ውስጥ የሚጋገር አንድ ለስላሳ የቅቤ ቂጣ አለ፤ የዙሪክ ሀብታሞች ለእሑድ ቁርሳቸው እሱን እንዲያመጡ አሽከሮቻቸውን በሌሊት በእግር ይልኩ ነበር ይባላል። ባቡሩ ሲመጣ ቂጣው ሳይቀዘቅዝ ደረሰ። አሽከሮቹም ቢያንስ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አገኙ።

አሁን ያለው ሥርዓት ከዚያ ብዙ ርቋል። መርሁ «በተቻለ መጠን ፈጣን» ሳይሆን «በሚያስፈልገው ልክ ፈጣን» የሚል ነው። ከ1982 ጀምሮ ባቡሮች በየሰዓቱ በዚያችው ደቂቃ እንዲነሱ ተደረገ። ከዚያ በትልልቆቹ ከተሞች መሃል ያለው ጉዞ ከአንድ ሰዓት ትንሽ እንዲያንስ ታቀደ፤ በ2004 መጨረሻ አዲስ ሐዲድ ተከፍቶ ከዙሪክ በርን 56 ደቂቃ ሆነ። አራት ደቂቃ ለምን ተረፈች? ባቡሮቹ ሁሉ ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጣቢያ እንዲገቡ፣ ተሳፋሪው ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ እንዲወጣ፣ ሰዓቱ ሲሞላ ተያይዘው እንዲበተኑ ነዋ። ይህ ሁሉ ቀመር፣ ይህ ሁሉ ኮንክሪት የፈሰሰው ሰው ካሰበበት ቦታ በሰዓቱ እንዲደርስ ነው። ባቡር ወዳዱ ግን የሚጠቀምበት ላለመድረስ ነው። ጠዋት ከዙሪክ ተነስቶ፣ አራት አምስት ቦታ ባቡር ቀይሮ፣ አንዱም ከተማ ሳይገባ ማታ ዙሪክ ይመለሳል። የት ዋልክ ቢሉት የመገናኛ ጣቢያዎችን ስም ይደረድራል እንጂ አንድ ያየው ሙዚየም፣ አንድ የበላው ምግብ አይጠራም። ሳንድዊቹን አይቁጠሩበትና።

የጣቢያው ሰዓት ደግሞ የራሱ ተሳላሚዎች አሉት። በ1944 የነደፈው የባቡር ድርጅቱ መሐንዲስ ሃንስ ሂልፊከር ነው፤ ቀዩ የሰከንድ ዘንግ በኋላ ተጨመረበት፤ ቅርጹም የጣቢያ ሠራተኛ ባቡር ለማስነሳት ከሚያነሳው ክብ ምልክት የተወሰደ ነው። ይህ ቀይ ዘንግ ዙሩን በ58 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይጨርስና አናት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከማዕከል የደቂቃው ምልክት ሲደርስ የደቂቃው ዘንግ አንድ እርምጃ ይዘላል፣ ቀዩም እንደገና ይነሳል። ዓለም በሰዓት አክባሪነቱ የሚምልበት አገር ሰዓቱ በየደቂቃው ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስባል ማለት ነው። ባቡር ወዳዱ ይህችን ዕረፍት በስልኩ ይቀርጻታል። ደጋግሞ ይቀርጻታል፤ እያንዳንዷ ከሌላዋ የተለየች ይመስል።

እሱን ብቻ መታዘብ ግን ግፍ ይሆናል፤ የአገሩ ሰውም ከእሱ አያንስም። ስዊዞች ዘንድ ባቡር በሰዓቱ ደረሰ የሚባለው መዘግየቱ ከሦስት ደቂቃ ሲያንስ ነው፤ ጀርመኖች እስከ ስድስት ደቂቃ ይታገሳሉ። አራት ደቂቃ ከዘገየ በድምፅ ማጉያ ይቅርታ ይጠየቃል። ተሳፋሪው ይቅርታውን እየሰማ ሰዓቱን ያያል፣ የጎረቤቱን ፊት ያያል፣ ትንፍሽ አይልም፤ ፊቱ ግን መንግሥት የወደቀ ያስመስላል። ከጀርመን የሚመጣ ባቡር በጣም ካረፈደ ድንበር ላይ ባለችው ባዝል ተሳፋሪውን አራግፎ ወደመጣበት እንዲዞር ይደረጋል፤ የስዊዙን የጊዜ ሰሌዳ እንዳይበክል።

እዚያ የከረመ ሐበሻም አመሉ ይጋባበታል። ሰኞ ጠዋት ባቡሩ አራት ደቂቃ ሲዘገይበት ከንፈሩን ይመጥና «ይሄ አገርም ተበላሸ» ይላል። ቅዳሜ ሎዛን ሠርግ ሲጠራ ሙሽሮቹ ከገቡ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደርሳል። የመጣው ግን በሰዓቱ በተነሳ ባቡር ነው።

ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ግራውቡንደን ተራሮች ስንሄድ ነገሩ ይብሳል። ግላሲየር ኤክስፕረስ ከዘርማት ሳንክት ሞሪትዝ ለመድረስ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ 291 ድልድይና 91 ዋሻ ያልፋል፤ «በዓለም ቀርፋፋው ፈጣን ባቡር» እየተባለም በኩራት ይተዋወቃል። ለቀርፋፋነቱም ከቲኬቱ ሌላ የቦታ ማስያዣ ይከፈልበታል። ተራው ቱሪስት እስከ ጣሪያው መስታወት በሆነው ፉርጎ ውስጥ ወይኑን እየተጎነጨ ሲደሰት ባቡር ወዳዱ ይጠየፈዋል። መስኮቱ አይከፈትማ! በመስታወት ውስጥ የተነሳ ፎቶ ላይ ከድልድዩ ይልቅ የአንሺው አፍንጫ ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ የዐዋቂዎቹ ምክር ይህ ነው፦ በዚያው ሐዲድ ላይ በሚመላለሰው ተራ ባቡር ሂዱ፤ ማስያዣ አያስፈልገውም፤ የሚከፈት መስኮት ፈልጉ፤ ከኩር ወደ ሳንክት ሞሪትዝ ከሆነ በስተቀኝ ተቀመጡ። መስኮቱን ቀድሞ የያዘው ሰው ካለ ግን ተስፋ ቁረጡ። በበረዶ ወራት እንኳ አንገቱን አውጥቶ፣ ጆሮው ቲማቲም መስሎ፣ እስከ መጨረሻው ጣቢያ አይለቅም። ከኋላው የተቀመጡት አሮጊት ሻርፓቸውን እስከ ዓይናቸው ጠምጥመው ያዩታል። እሱ አያያቸውም።

በዚህ መስመር ላይ የሁሉም ዓይን ያለው ላንድቫሰር ድልድይ ላይ ነው። 65 ሜትር ከፍታ፣ ስድስት ቅስት አለው፤ ሐዲዱን ይዞ ይታጠፍና ቀጥ ካለ ገደል ፊት ወዳለ የዋሻ አፍ ይከተዋል። ከባቡሩ ውስጥ የሚታየው ለቅጽበት ነው። ባቡር ወዳዱ የሚፈልገው ደግሞ ባቡሩን ድልድዩ ላይ እንዳለ ማየት ነው፤ ውስጡ ተቀምጦ ይህ አይሆንለትም። ስለዚህ ፊሊዙር ላይ ይወርዳል፣ በጫካው መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ሌላ ባቡር ይጠብቃል። ባቡሩ ሲያልፍ በመስኮት አንገቱን ያወጣ ሌላ ባቡር ወዳድ እሱን ፎቶ ያነሳዋል።

የዚህ ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነው። ይህን ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። ከባቡር ወዳድ ጋር ወግ ጀምራችሁ ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት ብትሉት ስለ ሉሲም ስለ ሯጮቻችንም አይጠይቃችሁም፤ «የጅቡቲው መስመር አንድ ሜትር ነበር አይደል?» ነው የሚላችሁ። ነበር። የስዊዝ እጅም አለበት፤ በ1894 የባቡሩን ፈቃድ ከዳግማዊ ምኒልክ የተቀበለው አልፍሬድ ኢልግ ዙሪክ ፖሊቴክኒክ የተማረ ስዊዛዊ መሐንዲስና የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ነበር። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ገባ፤ ያ ዓመት የስዊዝ የመንግሥት ባቡር ድርጅት ሥራ የጀመረበትም ነው። ባቡር ወዳዱ ይህን ሁሉ ያውቃል። ድሬዳዋ ድረስ መጥቶ ዝገት የበላቸውን ፉርጎዎች ሲዳብስ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። የድሬ ልጅ ደግሞ ዳር ቆሞ ይገረማል፦ «ሰውዬው ምን ነካው? በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር አለ አይደል፤ ለምን እሱን አይሳፈርም?» አይሳፈርም። አዲሱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲም ነው፤ ዓለም ሁሉ ያለው ዓይነት። ለዚህ ብሎ አውሮፕላን አይሳፈርም።

ስዊዞቹ ራሳቸውም ይህ ልክፍት ሲነሳባቸው ለከት የለውም። በጥቅምት 2022 የባቡራቸውን 175ኛ ዓመት ሲያከብሩ 100 ፉርጎ አንድ ላይ ቀጥለው ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ በዓለም ረጅሙን የመንገደኛ ባቡር ሠሩ። ሰባት ነጂዎች ነበሩበት፤ ሬዲዮው ዋሻ ውስጥ ስለማይሠራ የሚነጋገሩበት የመስክ ስልክ ተዘረጋላቸው። ባቡሩ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወረደ። ለምን? ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው እዚያ አልነበረም።

የነገሩ ጥግ ያለው ግን ጎታርድ ተራራ ላይ ነው። አሮጌው ዋሻ በ1882 ተከፈተ፤ 15 ኪሎ ሜትር ነው። ሲቆፈር ወደ 200 ሠራተኞች ሞተውበታል፤ በ1875 የሥራ ማቆም አድማ መትተው ተኩስ የተከፈተባቸውና ያለቁት አራቱ ሳይቆጠሩ። ተቋራጩ ሉዊ ፋቭር ራሱ ሥራው ሳያልቅ በ1879 ዋሻው ውስጥ ሞተ። በዓመቱ ከሰሜንና ከደቡብ የሚቆፍሩት ሲገናኙ በተከፈተችው ቀዳዳ መጀመሪያ ያሳለፉት የእሱን ፎቶግራፍ ነው። ደቡቡ አፍ ላይ፣ አይሮሎ ጣቢያ አጠገብ የቪንቼንዞ ቬላ ሥራ የሆነ የነሐስ ቅርጽ ቆሟል፤ ሠራተኞች የሞተ ጓደኛቸውን በቃሬዛ ተሸክመው ይታያሉ። ባቡር ወዳዱ የአሮጌ ሎኮሞቲቭ ቁጥር በቃሉ ያውቃል፤ ስንት ጎማ እንዳለውም ያውቃል። ለዚህ ሐውልት ግን ጀርባውን ይሰጣል፤ የሚመጣው ባቡር በዚያ በኩል አይደለማ።

ልቡ ያለው ከዋሻው በፊት ነው፤ ቫሰን መንደር። ሐዲዱ ከፍታውን ለመውጣት ተራራው ውስጥ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ኮረብታ ላይ ያለችው ነጭ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ ትታያለች፦ መጀመሪያ ከበላይህ፣ ቀጥሎ ከፊት ለፊትህ፣ በመጨረሻም ከበታችህ። የስዊዝ አባቶች በትውልድ ተቀባብለው ይህችን ቤተ ክርስቲያን ለልጆቻቸው በጣት አሳይተዋል። ባቡር ወዳዱም ቁጥር ስፍር በሌለው ጊዜ አይቷታል። ደጇን ረግጦ ግን አያውቅም።

በሰኔ 2016 ከዚያ ሁሉ ጥምዝምዝ ሥር፣ ተራራውን ከግርጌው የሚበሳ 57 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተከፈተ፤ ከእሱ የሚረዝም የባቡር ዋሻ በዓለም የለም። 28 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ ወጥቶበታል፣ ዘጠኝ ሠራተኞች ሞተውበታል፣ ወደ 12 ቢሊዮን ፍራንክ ፈሶበታል። ሕዝቡ አጨበጨበ። ባቡር ወዳዱ ሐዘን ተቀመጠ፤ ቤተ ክርስቲያኗ የለችም፣ ሃያ ደቂቃ ጨለማ ብቻ። ደግነቱ በተራራው ላይ የሚሄድ መዳብ መሳይ ቀለም ያለው ባቡር ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ተመድቦለታል፤ መሐንዲሶቹ አሥራ ሰባት ዓመት ደክመው ያሳጠሩለትን ጉዞ እሱ ላይ ተሳፍሮ መልሶ ያረዝመዋል።

አዲሱን ዋሻ ጨርሶ ይተወዋል ማለት ደግሞ አይደለም። ከባቡር ወዳዶች መሃል የአገሩን ሐዲድ እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር ተጉዞ ካርታውን በቀለም የሚሞላ ወገን አለ። ለእሱ 57ቱ ኪሎ ሜትር 57 አይደለም። ዋሻው ሁለት ቱቦ ነው፤ መሄጃው ለብቻ፣ መመለሻው ለብቻ። በአንዱ ብቻ ያለፈ ሰው ግማሽ ነው የሄደው። ስለዚህ በጨለማ ይሄዳል፣ ቡና እንኳ ሳይጠጣ በሌላው ጨለማ ይመለሳል፣ ካርታው ላይ ሁለት መስመር ያሰምራል።

ነሐሴ 2023 አንድ የጭነት ባቡር ጎማው ተሰብሮ ምዕራቡ ቱቦ ውስጥ ከሐዲድ ወጣ፤ ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር ሐዲድ ተበላሸ። የመንገደኛ ባቡሮች ለወራት ወደ አሮጌው ተራራ ተመለሱ፤ ጉዞው በአንድ ሰዓት ተራዘመ። አራት ደቂቃ የማይችለው ሕዝብ ምን ያህል እንደተንገፈገፈ መገመት ቀላል ነው። በየፉርጎው ሰው ሰዓቱን እያየ ሲተክዝ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ባለ ካሜራ ግን «አሁን በቀኝ! ... አሁን በግራ!» እያለ ሲነሳ ሲቀመጥ ይውላል። ጥገናው አልቆ ሁለቱም ቱቦዎች ሙሉ በሙሉ የተከፈቱት መስከረም 2024 ላይ ነው። ሰው እፎይ አለ። ካርታ ሞዪዎቹ ግን አዲስ ክርክር ጀመሩ፤ ሰባቱ ኪሎ ሜትር ሐዲድ አዲስ የተነጠፈ ስለሆነ ድሮ የተጓዙት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ክርክሩ እስኪቋጭ አልጠበቁም። ቲኬት ቆርጠዋል።