ልዩ ልዩ

በዶላር ጡረታ የሚበላ ሰው በብር በሚኖርበት አገር ቢቀመጥ ተንደላቅቆ ይኖራል የሚለውን ስሌት የአክስቴ ልጅ አልፈለሰፈውም። ፈረንጆቹ ቀድመውታል፤ ታይላንድና ሜክሲኮ በነጭ ጡረተኛ የተሞሉት በዚሁ ሒሳብ ነው። እሱ ግን የባሕር ዳርቻ አላማረውም፤ የጎጃሙ ደብረ ኤልያስ አማረው።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሰው መኪና ሲያቆም ነው ያረጀው። ጡረታው በወር 1,200 ዶላር ነው፤ የዚያ አገር የቤት ኪራይ ይህን ውጦ ገና ይራባል። በ2011 ዓ.ም. ሲመጣ ዶላሩ 28 ብር ገደማ ስለነበር 33,600 ብር ሆነለት። የኔን የመምህርነት ደመወዝ እዚህ አልጽፈውም፤ ወረቀቱም ያፍራል።

ጋሼ (ታላቄ ነው) ወደ ተወለደበት ከተማ የገባው ቢጫ ካርድ ይዞ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ቢጫ ካርድ ያለው ሰው ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ ፈቅዶለታል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። በሕግ ፊት ትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ ነው። አክስቴ ካርዱን ገልብጣ አየችና፣ «እኔ አምጬ የወለድሁትን እነሱ ምን ቤት ናቸው የሚመሰክሩለት?» አለች።

ለነገሩ የውጭ ዜጋ ለጎጃም ብርቁ አይደለም። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ላይ ጫማህን አውልቅ ተብሎ በባዶ እግሩ ወደ ምንጩ ሮጧል፤ ከዚያው ውሃ ቀድቶም ስለ ንጉሡ ስለ ጆርጅ ሦስተኛ ጤና ጠጥቷል። ከዚህ የረከሰ የንጉሥ ግብዣ አላውቅም። የእንግሊዙ ቆንስል ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ ተቀምጦ ዓባይን ሲያስስ ኖረ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ወዲህ የመጡት የሰላም ጓድ መምህራንም ደብረ ማርቆስ ድረስ ዘልቀው አስተምረዋል። ሁሉም ታዲያ ጋሼ ያላገኘው አንድ ዕድል ነበራቸው፤ እዚህ ዘመድ አልነበራቸውም።

ጋሼ ደብተር ከፈተ። ለጤፍ፣ ለቅቤ፣ ለበርበሬ፣ ለእንቁላል፣ ለወተት፣ ለጠላ፣ ለማገዶ፣ ለመብራት ለየብቻ ዓምድ አሰመረ። ከዳር አንዲት ቀጭን ዓምድ ተረፈችውና «ልዩ ልዩ» ብሎ ጻፈባት። የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ የእንቁላሉ ዓምድ ባዶ ነው፤ የወተቱ ባዶ ነው፤ የጠላውም እንዲሁ። ሁሉንም ጎረቤት ያመጣዋል። «በነጻ እየኖርሁ ነው!» ብሎ ደወለልኝ። እኔ ዝም አልሁ። በነጻ የተበላ እንቁላል ሆድ ውስጥም ሆኖ ቀኑን ጠብቆ እንደሚፈለፈል ራሱ ይደርስበታል ብዬ።

ደረሰበት። እንቁላል ያመጡለት እትዬ የልጅ ልጄን ክርስትና አንሣልኝ አሉት። ወተት የላኩለት አያ ሴት ልጃቸውን ዳሩ። አክስቴ እሱን ወክላ ስትጠጣው የኖረችው የጊዮርጊስ ማኅበር ተራው ደረሰና ጌሾው ተወቀጠ። ዕድሩ አለ፤ ሰንበቴው አለ፤ ተዝካሩ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ደግሞ ሁልጊዜ አያፈስም፤ የሚያፈሰው ከአሜሪካ ሰው ሲመጣ ነው። ልዩ ልዩ ከጠባቧ ቦታዋ ወጥታ የማገዶን ዓምድ ያዘች፤ ቅቤን አስለቀቀች፤ ወደሚቀጥለው ገጽ ተሻገረች።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሳለ ግድግዳ የሚጋራውን ጎረቤቱን ስም አያውቅም ነበር። ያኔ ይህን የሚነግረኝ እያማረረ ነው፤ አሁን እየናፈቀ ነው። የደብረ ኤልያስ ገበያ ስንዴው፣ በቆሎው፣ በርበሬው ሞልቶለታል፤ ብቻን መሆን ግን በየትኛውም ምንዛሪ አይገዛም። በሩን ቀን ከዘጋ «ምን አገኘው?» ተብሎ ሰፈሩ ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ ቡና ሳይጠጣ አይሄድም።

የእውነት ሲያመው ነገሩ ሌላ ነው። ዕድሜ ልኩን ከደመወዙ የተቆረጠለት ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በአብዛኛው አይከፍልም። የደም ግፊት መድኃኒቱ ካለቀ ደብረ ማርቆስ መሄድ፣ እዚያም ከታጣ እንደገና 300 ኪሎ ሜትር ገደማ አዲስ አበባ መዝለቅ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ አይመጣልኝም። ርካሽ ነው በሚባለው ኑሮ ውስጥ ውዱ ይህ ነው፤ ያውም እሱ ዶላር አለው፤ አያና እትዬ ያንኑ መንገድ የሚሄዱት በሬ ሸጠው ነው።

አንድ ጠዋት ደጁ ላይ የቆሎ ተማሪ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ነው፤ ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለደበት፣ ሐዲስ ዓለማየሁ የተማረበት። ልጁ ከወሎ በእግሩ የመጣ፣ ደበሎ የለበሰ ነው። ጋሼ እንጀራውን ከመስጠቱ በፊት ደብተሩን አወጣ።

«የቤት ኪራይ ስንት ትከፍላለህ?»

«ጎጆዬን ራሴ ቀለስሁ።»

«ለመምህሩስ?»

«ቅኔ ይሸጣል እንዴ ጋሼ?»

«ብትታመም ምን ይውጥሃል?»

«ማርያም አለች።»

«ዱላው ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ውሻው ማርያምን አያውቃትማ።»

የልጁ ድምር ዜሮ መጣ። ጋሼ ግን አላመነም፤ እስከ ምሳ ሰዓት ስሕተቱን ሲፈልግ ዋለ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ጥቂት ወራት ሳይሞላው ከ100 ብር አለፈ። ደወልሁና «እንኳን ደስ ያለህ፣ ጡረታህ እጥፍ ሆነ» አልሁት።

«የጣሪያው ኮሚቴ ቀድሞህ ነግሮኛል» አለኝ።

ተዘግቶ የነበረው መንገድ በተከፈተ ሰሞን አዲስ አበባ መጣ። ሜሪላንድ፣ ልጁ ዘንድ ሊሰነብት ነው። እኛ አሜሪካ የምንሄደው ለሥራ ነው፤ እሱ ለዕረፍት። «ምን ልታደርግ?» ብለው «ልተኛ!» አለ። ቦሌ ላይ ሻንጣው ከልክ አለፈና ሲከፈት፣ በማሩና በድርቆሹ መካከል አንድ ፌስታል ሙሉ ክር አየሁ። የክርስትና ልጆቹ፣ የማኅበርተኞቹ፣ የእትዬ የልጅ ልጆች የጫማ ልክ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ ስም በወረቀት ታስሯል። ጋሼ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ክሮቹን ይቆጥር ጀመር።

እኔ ክር አላስፈለገኝም፤ በቃል ነገርሁት። 42። ጥቁር ቢሆን ደስ ይለኛል።