ለስሙ የቆመ መርከብ

ባሕር ሳይኖረው መርከብ ያለው ከተማ ማየት የሚሻ አውስትራሊያ ይሂድ። ከሲድኒ ወደ ሜልቦርን ሲጓዙ፣ በግና ከብት በሚረባበት ሜዳ መካከል ሆልብሩክ የምትባል ከተማ አለች። ከባሕር በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ማዕበል የምታውቀው በወሬ ነው። በመናፈሻዋ ሳር ላይ ግን 90 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጥቁር ሰርጓጅ መርከብ ተጋድሞባታል። ጠላት በበጎቹ በኩል ቢመጣ ዝግጁ ናት።

ቀድሞ ስሟ ጀርመንተን ነበር። ፓብስት የሚባል ጀርመናዊ የእንግዳ ማረፊያ ይዞ መንገደኛ ሲያሳድር፣ ሰዉ «ጀርመኑ ጋ» እያለ ስሙ ጸና። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ግን ያ ስም ድንገት ጠላት ሆኖ ተገኘ። ስም አይታሰር፣ አይረሸን፤ ስለዚህ መቀየር ነበረበት። የቀረው ተተኪ ጀግና መፈለግ ብቻ ነው።

ጀግናውም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 1914 የ26 ዓመቱ እንግሊዛዊ ሌተና ኖርማን ሆልብሩክ፣ ቢ 11 የተባለች ያረጀች ሰርጓጅ መርከብ ይዞ ዳርዳኔልስ ሰርጥ ውስጥ ጠለቀ። በአምስት ረድፍ ፈንጂ ሥር ሾልኮ መሱዲዬ የተባለችውን የኦቶማን የጦር መርከብ በቶርፒዶ አሰጠማት። ተኩሱን አምልጦ፣ በአንድ ወቅት 9 ሰዓት ሙሉ ከውሃ ሥር ቆይቶ፣ ሰዎቹን በሰላም መለሰ። ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን የጀግንነት ሜዳሊያ በመሸለምም ከሰርጓጅ መርከበኞች የመጀመሪያው ሆነ። መሱዲዬ ራሷ ለንደን የተሠራች መሆኗን ማንሳት ነውር እንዳይሆንብን እንጂ፣ ሠርቶ መሸጥ፣ ሸጦ ማስጠም፣ ድርብ ትርፍ ነው።

ሆልብሩክ የተወለደው በእንግሊዝ፣ የባሕር ኃይሉ መዲና በሆነችው ፖርትስመዝ፣ ሳውዝሲ በተባለ ሰፈር ነው። እዚያ ሰርጓጅ መርከብ ቢቆም ማን ዞር ብሎ ያያል? ባሕር ባለበት መርከብ ማቆም ማንም ይችላል። ብልሃቱ በሌለበት ማቆም ነው።

በኦገስት 1915 ጀርመንተን «ሆልብሩክ» ተባለች። ሰሌዳ ተነቀለ፣ ሰሌዳ ተተከለ። በጉ ያው በግ፣ ጭቃው ያው ጭቃ፣ ጎረቤቱም ያው ጎረቤት ነው፤ ድሉ ግን በቀለም ተጻፈ። ከጥይት ቀለም መርከሱን ያን ጊዜ ያወቀ ሁሉ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ቆይቶ፣ ኦትዌይ የተባለው የአውስትራሊያ ሰርጓጅ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1994 ከአገልግሎት ሲሰናበት፣ ከተማዋ ለማስታወሻ ተመኘችው። ገንዘብ ሲዋጣ የሟቹ ጀግና ባለቤት 100,000 ዶላር ሰጡ። እኚህ ደግ ሴት ኦስትሪያዊት ነበሩ፤ አፋቸውን የፈቱት በጀርመንኛ ነው። ጀርመንን ከሰሌዳዋ ያባረረች ከተማ በጀርመንኛ ተናጋሪዋ ገንዘብ መርከቧን አገኘች። ገንዘብ ሲመጣ ስሙን የሚጠይቅ የለም።

የተገኘው ከውሃ በላይ የሚታየው ክፍል ነው። ሞተሩን የያዘው የታችኛው አካል በሳሩ ላይ የለም፤ ዕጣው ቁርጥራጭ ብረት መሆን ነበር። ለሆዳቸው ሲሉ ስማቸውን የሸጡ ብዙ አይተናል፤ ለስሙ ሲል ሆዱን የሰጠ ግን ይህ መርከብ ብቻ ነው። የሚሰጥምበት የለ፣ ዝገት እንጂ ጠላት የለው፣ ለጉብኝትና ለፎቶ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። ቅኔ ዘራፊ በአጠገቡ ቢያልፍ እንዲህ ባለለት፦

ባሕር አልናፈቀን፣ ሳር ላይ ተኝተናል፤
መርከብስ ለስሙ ይኸው ቆሞልናል።

እ.ኤ.አ. በ2013 አውራ ጎዳናው ራሱ ከተማዋን ዞሮ እንዲያልፍ ተደረገ። የጭነት መኪናው በዳር በኩል ይበራል፤ ሰርጓጁ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ የአውስትራሊያ ነገር ነው፤ ሐሳብህ ወደ ሌላ አገር እንዳይሄድብህ። ሌላው ዓለም ስም የሚቀይረው አጥንቶ፣ መርከብ የሚያቆመውም ውሃውን ለክቶ ነው። ምናልባት የሚቸኩል ከተገኘ ግን፣ ሆልብሩክ የምታስተምረው አላት፦ ሰሌዳውን ስትነቅሉ መርከቡን አትርሱ፤ መርከቡን ስትገዙም ላዩ ይበቃል፤ ባሕሩን ማን ይጠይቃችኋል።