የባራቲየሪ ቀለም ቀቢ

ቤቴ ውስጥ ሁለት ሠራዊት አለ። አንደኛው ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ በክብር ተደርድሯል። የካኪ ልብሱ እጥፋት ውስጥ ጥላ ገብቶለታል፣ ትከሻው ላይ ብርሃን አርፎበታል፣ የቀበቶው ዘለበት ሳይቀር ያብለጨልጫል። እግሩ ሥር አሸዋና ደረቅ ሣር ተለጥፎለት የትግራይ መሬት ላይ ቆሟል። ሁለተኛው አልጋ ሥር ነው፤ በጫማ ካርቶን፣ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ግራጫ። ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው የጣልያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ነው። አልጋ ሥር ያለው የዳግማዊ ምኒልክ።

ጥፋቱ እንዲሟላ ልጨምርበት፦ ሐበሻ ነኝ። አዲስ አበባ ነው ያደግሁት። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ምኒልክ አደባባይ ቆሜ ድምፄ እስኪዘጋ ፎክሬአለሁ። ያ ፎካሪ ነው እንግዲህ ዛሬ ማታ ማታ አንገቱን ደፍቶ የጣልያን ሻምበል ጢም በሦስት ዓይነት ቡኒ የሚቀባው።

ለማያውቁት፣ የጠረጴዛ ላይ ጦርነት የሚባል ጨዋታ አለ። ከብረት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከሬዚን የተሠሩ፣ ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ወታደሮች ይገዛሉ፤ ይጣበቃሉ፤ ይቀባሉ፤ ከዚያ በሜትርና በዳይስ ይዋጋሉ። እኔ የምኖረው ኖቲንግሃም ነው፤ የዚህ ሱስ መዲና። ዋርሀመር የሚባለውን ጨዋታ የሚሠራው ጌምስ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1975 ለንደን ውስጥ ተመሥርቶ፣ ኋላ ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚህ አደረገ፤ ሌሎች ትናንሽ የምስል አምራቾችም በከተማዋና በዙሪያዋ ሞልተዋል። ኩባንያው በ2024 መጨረሻ በለንደን የአክሲዮን ገበያ ከመቶዎቹ ትልልቆች ተርታ ሲገባ ባለቤቴ ዜናውን አነበበችና ቀና ብላ ዝም ብላ አየችኝ። ድርሻዬን ታውቃለች።

«በዚህ ዕድሜህ አሻንጉሊት?» ለሚለኝ ሁሉ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። ኤች ጂ ዌልስ፣ ያ ስንት ልቦለድ የጻፈ ትልቅ ደራሲ፣ በ1913 በአሻንጉሊት ወታደር የሚዋጉበትን ሕግ በመጽሐፍ አሳትሟል እላለሁ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ስትሰማ ቆይታ አንድ ቀን «እሱስ ጨረሰው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዌልስን አላነሣሁም።

የዓድዋ ተዋጊዎችን የሚቀርጹ አምራቾች መኖራቸውን ያወቅሁ ዕለት ዋርሀመሩን ሁሉ ረሳሁት። ጋሻ ያነገተ፣ ጎፈር የደፋ፣ ውጅግራ የታቀፈ፤ ቅድመ አያቴ በ28 ሚሊሜትር! ስሌቱንም ወዲያው ሠራሁ። የምኒልክ ጦር 100 ሺህ ገደማ፣ የባራቲየሪ 17 ሺህ 700 ያህል። አንዱ ምስል 200 ሰው ይወክል ብንል ለእኛ 500፣ ለእነሱ 90 የማይሞላ። 500 ላይ ስደርስ ትንሽ ቀዘቀዝኩ። ስለዚህ «መጀመሪያ እጄን በጣልያን ላይ ላፍታታ» አልኩ። ብልህነት መስሎኝ ነበር። ጀማሪ ሰው የመጀመሪያዎቹን ማበላሸቱ አይቀርም፤ የሚበላሽ ካለ ደግሞ ጣልያን ይበላሽ።

ጣልያን አልተበላሸም። ካኪ የሚምር ቀለም ነው። መደቡን ትቀባለህ፤ የቀጠነ ቡኒ ስታፈስበት ራሱ መንገዱን ፈልጎ እጥፋቱ ውስጥ ይገባል፤ ሲደርቅ በደረቅ ብሩሽ ከላይ ከላይ ፈዛዛውን ማስነካት ብቻ ነው። ሙያውን የማያውቅ ሰው ሲያየው «ጎበዝ!» ይላል። ከማያውቁት አንዱ እኔ ስለሆንኩ ለራሴ «ጎበዝ!» አልኩና ሌላ ጣልያን አነሣሁ። ከዚያ ሌላ። ቤርሳሊዬሪ የሚባሉትን፣ ባርኔጣቸው ላይ ላባ የሚሰኩትን፣ ላባቸውን በአረንጓዴ ነጸብራቅ ሳስጌጥላቸው ያመሸሁበት ጊዜ አለ። አንድም ቀን «ምን እያደረግሁ ነው?» አላልኩም።

አንድ ብርጌድ ግን ዘልያለሁ። የጄኔራል አልበርቶኔ ጦር አብዛኛው አስካሪ (ለጣልያን የዘመተ የአገሬው ሰው) ነበር፤ አስካሪ ደግሞ ነጭ ይለብሳል። ነጭ ስለምፈራ አላዘዝኳቸውም። እውነተኛው አልበርቶኔ የኮረብታው ስም ካርታው ላይ ተምታቶበት ከጓዶቹ ተነጥሎ ሩቅ ከሄደ በኋላ ነው የተማረከው። የእኔው ጭራሽ ከቤቱም አልወጣም።

ነጩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሰበቦቼ ሁሉ እውነት ያለበት እሱ ብቻ ነው። ነጭ ቀለም ሲቀጥን አይሸፍንም፤ ሲወፍር ይጓጉልና ቀራጩ የለፋበትን እጥፋት ይደፍነዋል። የሚችሉት ሰዎች ነጭን በነጭ አይጀምሩም። በፈዛዛ ግራጫ ወይም በአጥንት ቀለም ይነሡና፣ በቀጭን በቀጭኑ እየደራረቡ እያነጡት ወጥተው፣ ንጹሑን ነጭ የእጥፋቱ ጫፍ ላይ ብቻ ጠብ ያደርጉታል። ይህ ለአንድ ሰው ነው። የኛ ሠራዊት ግን ሸማውን ለብሶ ነው የዘመተው። ላዩ ላይ ደግሞ ጃኖ አለ፤ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ቀይ፣ ከእጥፋት እጥፋት እየወጣና እየወረደ፣ መሐል ላይ ሳይበጠስ የሚሄድ። እጅ ትንሽ ከዘለለ ቀዩ ነጩን ያበላሸዋል፤ ነጩ እንደገና ከግራጫ ይጀመራል።

መልካችንም ቢሆን ቀላል አይደለም። ለረጅም ጊዜ «የሥጋ ቀለም» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ጠርሙስ ሲከፈት ውስጡ ሮዝ ነበር። ለጣልያን እንዳለ ይሄዳል። ለእኛ ቡኒውን መደባለቅ፣ ጥላውን በሐምራዊ ማክበድ፣ ጉንጩን በቢጫማ ቡኒ ማብራት ያስፈልጋል። ዛሬ ምርጫው ሰፍቷል፤ ጠርሙሶቹንም ገዝቻቸዋለሁ። አልከፈትኳቸውም እንጂ።

መግዛት ላይ ማንም አይደርስብኝም። ቀለሙ እንዳይደርቅ የሚያደርግ፣ ስፖንጅና ወረቀት ያለው ማደባለቂያ አለኝ። የቀን ብርሃን የሚሰጥ መብራት አለኝ። ግንባር ላይ የሚታሰር ማጉያ መነጽር አለኝ። ቀለሞቼን በቀለም ተርታ ደረደርኩ፤ አልወደድኩትም፤ በአምራች ደረደርኩ፤ ደግሞ በቀለም መለስኳቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ እጽናናለሁ፤ የኔ እንቁላል ግን ሙሉ ትጥቅ ተገዝቶለት ካርቶኑ ውስጥ ተኝቷል።

የብሩሹ ነገር ለብቻው ኃጢአት ነው። ዊንሰር ኤንድ ኒውተን የሚባለው ቤት በ1866 ለንግሥት ቪክቶሪያ ባዘጋጀው ብሩሽ መነሻነት እስከ ዛሬ «ሲሪዝ 7» የሚለውን ይሠራል፤ ፀጉሩ ኮሊንስኪ ከምትባል የሳይቤሪያ አውሬ ጭራ ነው። አንዱን ገዛሁ። ብሩሽን ቀለም ከፀጉሩ ወገብ በላይ ሊነካው እንደማይገባ፣ ብረቱ ውስጥ ከገባ እንደሚያበላሸው በቃሌ አውቃለሁ፤ ለሌላ ሰውም አስተምሬአለሁ። በዚያው ብሩሽ ሙጫ አማሰልኩ። ከዚያም በላይ ጫፉን በምላሴ የማሾል ልማድ አለብኝ። አንድ የዓቢይ ጾም ረቡዕ ባለቤቴ ሰማያዊ ምላሴን አይታ «የአውሬ ጭራ እየላስክ ነው የምትጾመው?» አለችኝ። ንስሐ አባቴን ልጠይቅ አሰብኩ። ጥያቄውን ከየት እንደምጀምር ስለጨነቀኝ ተውኩት።

የአየሩንም ልናገር። ምስል ከመቀባቱ በፊት መደብ የሚሆን ቀለም ይነፋበታል፤ አየሩ ርጥብ ከሆነ የተነፋው ተጓጉሎ አሸዋ የነካው ይመስላል። ስለዚህ ደረቅ ቀን እጠብቃለሁ። ኖቲንግሃም። እጠብቃለሁ። የሚገርመው፣ ለጣልያኖቹ ደረቅ ቀን ተገኝቶ ነበር።

አንድ የኛ ሰው ቀብቻለሁ፤ አልዋሽም። ለምድ የለበሰ፣ በፈረስ የተቀመጠ ራስ። ሸማው ላይ ተዋርጄ ተዋርጄ እንደ ምንም ወጣሁና ዓይን ላይ ደረስኩ። የሚያውቁ ሰዎች ዓይንን ከፊቱ ሁሉ አስቀድመው ይሠራሉ፤ ነጩን አድርገው ጥቁሩን ከላይ እስከ ታች በቀጭን መስመር ያወርዱታል፤ ክብ ነጥብ ከሆነ ሰውየው የደነገጠ ይመስላል። እኔ ዓይኑን መጨረሻ ላይ፣ በክብ ነጥብ ሠራሁት። ቀኙ ደነገጠ። ግራው ፈስሶ ጠፋ። አገራችን የሥዕል ሕግ አለ፦ ጻድቅ ፊት ለፊት ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉ ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው የዓድዋ ሥዕልም የተሣለው በዚሁ ወግ ነው፤ ጣልያኖቹ ወደ ጎን የዞሩ ናቸው። በዚህ ሕግ ከሄድን የኔ ራስ ውጊያው ሳይጀመር ከድቷል። ቀለም የሚያስለቅቅ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፌ ወደ ግራጫው መለስኩት።

በዚህ ሁኔታ ነው እንግዲህ ዓድዋን የተዋጋሁት። ከሰፈር አንድ እንግሊዛዊ ወዳጄ ጣልያኖቼን ያዘ፤ እኔ ምኒልክን ያዝኩ። ሰውየው ሕግ ይወዳል። ዋርሀመር 40 ሺህ በ2020 ባወጣው እትም ሠራዊቱን ሙሉ በሙሉ ቀብቶ ለመጣ ተጫዋች ከ100 ነጥብ 10 ይሰጥ ነበር፤ የኛ ጨዋታ ዋርሀመር ባይሆንም «ለቀልድ ያህል» ብሎ አስገባት። እኔም ስቄ ተቀበልኩ። መጨረሻ ላይ ቆጠርን። በ7 ነጥብ አሸነፈኝ። ቀለም የቀባሁለት እኔ፣ ነጥቡን የወሰደው እሱ፣ የተሸነፈው ምኒልክ። ወዳጄ በጣም አዝኖልኝ ስለ ካኪው አመሰገነኝ።

እዚህ ላለው የሐበሾች ማኅበራችን ሰዎች ይህን አልተናገርኩም። እነሱ የሚያውቁት ለዓድዋ በዓል ሙሉ ውጊያውን በጠረጴዛ ላይ ላሳይ ቃል መግባቴን ነው። ቃሉን በየዓመቱ እገባለሁ፤ በየዓመቱ ለከርሞ አሸጋግረዋለሁ። «አዲስ የተቀባ ምስል በመጀመሪያው ውጊያ ይሞታል» የሚል እምነት በተጫዋቾች ዘንድ አለ፤ እሱንም ለማኅበሩ ኮሚቴ አስረድቻለሁ፤ ሠራዊቱን ሳልቀባ የተውኩት ለነፍሱ ብዬ እንደሆነ። አላመኑኝም። ዘንድሮ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ከነነጭ ጨርቁ ዘርግተው፣ ስሜን በትልቁ ጽፈው ጠበቁኝ።

ምን ላድርግ፤ ያለኝን ይዤ ሄድኩ። በአንድ በኩል ባራቲየሪ በሙሉ ክብሩ፣ በሌላ በኩል ግራጫው መዓት። ተራሮቹን ከስታይሮፎም ቆርጬ፣ ቀብቼ ነበር፤ ድንጋይ ይቀባል፣ ሸማ ነው የማይቀባው። ሰው ቡናውን ይዞ ይመጣል፣ ያያል፣ ወደ እኔ ይመለከታል፣ በትህትና ስለ ተራሮቹ ያወራል።

ከዚያ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። አባታቸው ማይጨው የዘመቱ ናቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ እነዚህ ጣልያኖች ናቸው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እጅህ ይባረክ። ቁልፋቸው ሳይቀር ይታያል።» ወደ ግራ ዞሩ። «የኛዎቹስ ምነው አመድ መሰሉ?»

ለዚህ ቀን ያስቀመጥኩት መልስ ነበረኝ፤ በእውነት እኮርበት ነበር።

«ጋሼ፣ ውጊያው የተጀመረው ጎህ ሲቀድ ነው። በዚያ ሰዓት ቀለም አይለይም። ሁሉ ነገር ግራጫ ነው የሚታየው። እንዲያው ለታሪኩ ታማኝ ለመሆን ብዬ…»

ጋሼ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ቀስ ብለው ተመለከቱ። የቤርሳሊዬሪዎቹ አረንጓዴ ላባ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣

«እና የነጋው ለጣልያን ብቻ ነው?» አሉኝ።