የብብቷን ለጣለችው ሴት

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ተብሎ የተተረተባት ሴት ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ተራቹ ብብቷ ውስጥ ምን እንደነበረ እንኳ አልነገረንም። አሮጌ ነገር ሊሆን ይችላል። ቆጡ ላይ ያለው ደግሞ አዲስና የሚያብረቀርቅ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ብትኖር አንዱ ድርጅት የዲጂታል ሽግግር ኃላፊ አድርጎ፣ መኪና ጨምሮ ይቀጥራት ነበር።

በቅርብ የማውቀው አንድ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ፈለጓን ተከትሏል። ሽያጩን፣ ስቶኩንና ደመወዙን ከሃያ ዓመት በላይ የያዘለት በቪዡዋል ቤዚክ 6 የተጻፈ ፕሮግራም ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1998 አወጣው፤ ለመጻፊያ መሣሪያው ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በ2008 አቋረጠ። ለፕሮግራሙ ግን መርዶውን የነገረው ስላልነበረ ሥራውን ቀጠለ። ጠዋት ሲከፍቱት ይከፈታል፣ ማታ ሲዘጉት ይዘጋል። ነውሩ ይኸው ነበር። የሚሠራ ነገር በጀት አያስመድብም፣ አማካሪ አያስቀጥርም፣ ለስልጠና ተብሎ ቢሾፍቱ አያስወስድም።

አዲሱን ሲስተም ሊሠራ የመጣው ወጣት አሮጌውን ኮድ ከፍቶ ሲያይ ሳቀ። ሊስቅ ይገባዋል። ውስጡ ምክንያታቸው ያልተጻፈ መስመሮች ሞልተውበታል። ደንበኛ ቁጥር 114 ከሆነ ደረሰኙን ሁለት ጊዜ አትም ይላል አንዱ። የሰኔ መጨረሻ ቆጠራ ሳይዘጋ የሐምሌን ዋጋ አታስገባ ይላል ሌላው። ዓመቱ 00 ከሆነ ከ99 ቀጥሎ ቁጠረው የሚልም አለ፤ ፈረንጆቹ በ2000 መባቻ በሁለት አሐዝ ዓመት ሲሸበሩ እኛ ገና 1992 ላይ ስለነበርን፣ የእኛው 2000 ከ7 ዓመት ከ8 ወር በኋላ ሲመጣ አንድ ሰው አንዲት መስመር ጨምሮ አሳልፎታል። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ቀን ጠብ፣ የአንድ ኦዲት ጣጣ ወይም ከአንድ ምስኪን ደመወዝ የተቆረጠ ገንዘብ ነው። ንጹሕ ኮድ የሚገኘው ይህን ሁሉ ትዝታ በመጥረግ ነውና ወጣቱ ጠረገው። ፕሮግራሙን ሃያ ዓመት የተጠቀሙት የሂሳብ ሠራተኛ ስብሰባው ላይ አልተጠሩም። ተጠርተው ቢሆን ኖሮ ይናገሩ ነበር።

ቀጥሎ ጳጉሜ መጣች። አዲሱ ሲስተም የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ሲሉት «የተሳሳተ ቀን» ብሎ ይመልሳል። ሌላ ሰው ቢሆን የቀን አቆጣጠሩን ቁጭ ብሎ ይጽፍ ነበር። ወጣቱ ግን ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ቀላቀላት፤ ስለዚህ ድርጅቱ ባለፈው ዓመት እስከ ነሐሴ 35 ድረስ ሲሸጥ ከረመ። የሉቃስ ዓመት ሲመጣ ጳጉሜ ስድስት ቀን እንደምትሆን ያስታወሰው ሰው የለም። የሚቀጥለው በ2019 ስለሆነ ያን ጊዜ ሌላ ሽግግር ይኖራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የስሞቹ ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ፕሮግራሞቻችን አማርኛውን የሚጽፉት ከላቲን ፊደል ጀርባ በሚሸሽጉት ፎንቶች ነበር፤ ፎንቱ ሲነሳ ስሙም አብሮ ይነሳል። ዳታው በአንድ ሌሊት ተዛወረና ሲነጋ አቶ እገሌ የነበሩት ሁሉ የቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክትና የዶላር ክምር ሆነው ተገኙ። ዕዳቸው በትክክል ተላልፏል፤ ማን እንደሆኑ ብቻ አይታወቅም። ለባለዕዳ እንዲህ ያለ ምሕረት ያደረገ ነጋዴ አላውቅም።

ፈሪዎች ሌላ መንገድ አላቸው። ቁራጭ በቁራጭ እንቀይር ይላሉ፤ አሮጌውና አዲሱ ሁለት ሦስት ወር ጎን ለጎን ይሥሩ፣ ውጤታቸው በየማታው ይመሳከር፣ የተለያየው ይጠየቅ። አሰልቺነቱን ተመልከቱ። ኔትስኬፕ የተባለው ድርጅት ብራውዘሩን ከዜሮ ልጻፍ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲነሳ እንዲህ ያለ ፍርሃት አልያዘውም። ቁጥር 4 በ1997 ወጥቶ ነበር፤ ቁጥር 6 በ2000 መጨረሻ ላይ ወጣ፤ 5 የሚባለውን ገበያ ላይ ያየው የለም። በመሐሉ ተጠቃሚው ወደ ማይክሮሶፍት ሄደ፤ ኮዱ ግን አዲስ ነበር።

«ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል እኛ ብቻ የፈጠርነው የሚመስለው ካለ ደግሞ የእንግሊዙን ቲኤስቢ ባንክ ይጠይቅ። ከቀድሞ ባለቤቱ ከሎይድስ በኪራይ ሲጠቀምበት የኖረውን ሲስተም ትቶ፣ አዲሱ ባለቤቱ የስፔኑ ሳባዴል ወዳዘጋጀለት አዲስ ሲስተም እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 በአንድ ቅዳሜና እሑድ 5 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹን ይዞ ተሻገረ። እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱት ሂሳባቸው ተቆለፈባቸው። አንዳንዶቹ የራሳቸውን ሲፈልጉ የሰው ሂሳብ ተከፈተላቸው። ነገሩ ሙሉ በሙሉ እስኪስተካከል ዲሴምበር ደረሰ፤ የባንኩ ኃላፊ ከዚያ በፊት በሴፕቴምበር ለቀቁ። ባንኩ በዚያው ዓመት 330 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣበት፤ በ2022 ደግሞ ተቆጣጣሪዎቹ 48.65 ሚሊዮን ቀጡት። ሃምሳ ሚሊዮን ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ማቆማቸው ስስት ይመስለኛል።

የእኛው ድርጅት አዲሱን ሲስተም በኬክ መረቀ። ዳይሬክተሩ በየወሩ መጨረሻ የሚደርሳቸውን ሪፖርት እያገላበጡ የአዲሱን ሲስተም ትክክለኛነት ያደንቃሉ፤ ሳንቲም አይጎድልም። ባለፈው ሰሞን ወጣቱ ኬብል ሊያስተካክል ሂሳብ ክፍል ገብቶ ጠረጴዛ ሥር የሚያጉረመርም አሮጌ ኮምፒውተር አገኘ።

«ማዘር፣ ይሄ ምን ይሠራል?»

«እግሬን ያሞቅልኛል፣ ልጄ» አሉት የሂሳብ ሠራተኛዋ፣ ደብተራቸውን ገጠም አድርገው።

አዲሱ ሲስተም የንብረት ዝርዝር ውስጥ «የእግር ማሞቂያ፣ 1» ተብሎ ተመዝግቧል። የተመዘገበበት ቀን ነሐሴ 33 ነው።