ኒቅያ ላስታ ናት እንዴ?

ላስታ ውስጥ የአሸተን ማርያም ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ምላስ ግን አያሳጥርም። ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዳ በቅሎ ላይ እንደተደላደሉ ፈረንጅ ማውገዝ ጀመሩ።

«ፈረንጅ ለአልጋ ነገር ሕግ የለውም!»

በቅሎዋን የሚስበው ልጅ ሕግ ተምሮ ሥራ ያጣ ነው። (ደንበኛ የሌለው ጠበቃ በነፃ ይሟገታል።)

«ኧረ ጋሼ፣ ነበረው! እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1650 ያመነዘረች ባለትዳር ከነውሽማዋ በሞት እንድትቀጣ አውጃ ነበር።»

«ይኸውልህ! ያኔ ጨዋ ነበሩ።»

«ባልየው ያላገባች ሴት ጋ ከሄደ ግን ቅጣቱ ሦስት ወር እስራት ነበር። ጨዋነቱ ለሚስት ብቻ ነው ጋሼ። እሱም ዐሥር ዓመት ቆይቶ ንጉሣቸው ሲመለስ ቀረ።»

«እኛ ግን ፍትሐ ነገሥት አለን፤ ሠለስቱ ምዕት በኒቅያ ጉባኤ የደነገጉት!»

«ኒቅያ ላስታ ናት እንዴ? መጽሐፉንስ በ13ኛው መቶ ዘመን በዐረብኛ ያጠናቀረው ግብጻዊው ኢብን አል-አሳል ነው። የሥጋዊው ክፍል ብዙው ከቢዛንታይን ነገሥታት ሕግ የተወሰደ ነው። ከቁስጥንጥንያ በግብጽ ዞሮ ነው እኛ ዘንድ ግእዝ የለበሰው።»

እንግዳው ኮርቻውን ጨበጡ። «የዛሬው ሕግስ?»

«እሱማ የስዊስ እጅ አለበት! የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊሱ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው። ያመነዘረ ባለትዳር በተበዳዩ አቤቱታ ይከሰሳል ይል ነበር፤ የ1996ቱም በአንቀጽ 652 ያንኑ አስቀጥሏል። ስዊሶቹ ግን እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ዝሙትን ከወንጀል አውጥተውታል። ካባውን አልብሰውን እነሱ አወለቁት፤ እርስዎ ደግሞ የአያቴ ነው ይላሉ።»

«ቢሆንም እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ክብር አላት!»

«በ1949ኙ ሕግ የተጠለፈችው ልጅ ጠላፊዋን ወዳ ካገባች ክሱ ይቀር ነበር። ሽማግሌ ደጅ ተቀምጦ፣ ድግሱ ተጥሎ፣ እሷ ጓዳ ተቆልፎባት፣ ‘ወዳ’ የሚባለው ምኑ ነው? ጣልያንም እ.ኤ.አ. እስከ 1981 ድረስ የደፈራትን ካገባት ይምር ነበር። ዓድዋ ላይ ድባቅ የመታነው ጠላት በዚህስ ወንድማችን ነበር። የ1996ቱ ሕግ ነው ሰርጉ ከክስ አያድንም ያለው፤ የጠለፋ ቅጣትም ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት ነው።»

የዓለቱ ስንጥቅ ጋ ሲደርሱ በቅሎዋ ቆመች፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። እንግዳው ወርደው እያለከለኩ፣ «ታዲያ የኛ የምንለው አንድ ነገር አላስቀረህልንም?» አሉ።

«አለ እንጂ ጋሼ። እንግሊዝ እንኳን እ.ኤ.አ. በ1991 ሚስቱን ያስገደደ ባል ደፋሪ ነው ብላ ፈርዳለች። የእኛው አንቀጽ 620 ግን መድፈርን ዛሬም ‘ከጋብቻ ውጪ’ ብሎ ወስኖታል። ባህል አስከባሪ ከሆኑ መጀመሪያ እዚህ ላይ ይጩኹልን።»