ሁለት ሳምንት ለንደን

የአጭር ጊዜ የውጭ አገር ትምህርት ተማሪው ሻንጣውን በወጉ ሳይፈታ የሚያልቅ ትምህርት ነው። አጀማመሩ እንዲህ የቸኮለ አልነበረም። በ18ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ባለጸጋ ልጆች አስተማሪ ተመድቦላቸው ፓሪስንና ሮምን ሲዞሩ ዓመታት ይፈጁ ነበር። በ1923 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ስምንት ተማሪዎችን ወደ ፈረንሳይ ሲልክም ቆይታው የአንድ የትምህርት ዘመን ነበር። ዛሬ ሁለት ሳምንት ይበቃል ተብሏል፤ ከዚያም ላይ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በእንቅልፍ ልብ ያልፋሉ።

ከተማው ለንደን ከሆነ ትምህርቱ በአብዛኛው የሚሰጠው ከመሬት በታች ነው። የምድር ውስጥ ባቡሩ በ1863 ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን ሥራ ሲጀምር የሚሄደው በእንፋሎት ነበር። ጭሱ ቀርቷል፤ ግፊያው አልቀረም። ካርታውን በ1931 የነደፈው ሃሪ ቤክ ተሳፋሪ የሚጨነቀው የት ወርዶ የት እንደሚቀይር እንጂ ስለ ርቀቱ አይደለም ብሎ፣ መስመሮቹን ቀጥ አድርጎ አስምሮ ርቀትን እርግፍ አድርጎ ተወው። ካርታው በ1933 ታትሞ ሲወጣ ሕዝቡ ወደደው። ችግሩ፣ አዲስ መጤ ተማሪ ካርታውን እንደ መሬቱ አድርጎ ማመኑ ነው።

ከሌስተር ስኩዌር እስከ ኮቨንት ጋርደን 260 ሜትር ገደማ ነው። የተማሪ ቡድን ግን ከፍሎ ይወርዳል፣ ባቡር ይጠብቃል፣ ተሳፍሮ እጀታ ሳይጨብጥ ደርሰሃል ይባላል። ከዚያ የአሳንሰሩ ሰልፍ አለ። «በደረጃ ብንወጣስ?» የሚል ጎበዝ ከቡድኑ አይጠፋም። ጠመዝማዛው ደረጃ 193 ነው፤ 15 ፎቅ እንደ መውጣት መሆኑን የሚናገር ማስታወቂያ ግርጌው ላይ ተለጥፏል። ማስታወቂያውን ሁሉም ያነበዋል፤ የሚገባው ግን እመሃል ሲደርስ፣ ጎበዙ ራሱ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን የሚያይ ሲመስል ነው።

በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ቋሚ ቀኙን ይይዛል፤ ግራው ለቸኮለ ይለቀቃል። ጎን ለጎን ቆሞ የሚያወራ ተማሪ ከኋላው «ይቅርታ» ይባላል። ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር።

ብሪቲሽ ሙዚየም መግቢያው ነጻ ስለሆነ ከየትኛውም መርሐ ግብር አይቀርም። የሮዜታን ድንጋይ ማየት የሚቻለው ፊት ለፊት በቆመው ሰው ስልክ በኩል ነው። ከቡድኑ ኢትዮጵያዊ ካለ በ1868 ከመቅደላ ስለተዘረፉት ታቦታት መጠየቁ አይቀርም። ታቦታቱ ለእይታ አይቀርቡም፤ የሙዚየሙ ባለሙያዎችም እንዳያዩአቸው ተከልክለዋል። የታቦቱ ክብር እስከዚህ ከተጠበቀ፣ የጎደለው ወደ መንበሩ መመለሱ ብቻ ነው።

በመጨረሻ «የጉዞው ምልከታ» የሚባል ጽሑፍ ይጠየቃል። አብዛኛው የሚጻፈው በመመለሻው አውሮፕላን ላይ፣ ምግቡ ተነሥቶ መብራቱ ሳይጠፋ ባለው ጊዜ ነው። «አድማሴን አሰፋልኝ» የምትለው ከመጀመሪያው አንቀጽ አትጠፋም፤ «የባህል ልውውጥ» ትከተላለች። ስለ ደረጃው አንድም ቃል የለም፤ ስለ «ይቅርታ»ውም እንዲሁ። ሁለት ገጽ አልሞላ ያለው ተማሪ የፊደሉን መጠን ከ12 ወደ 13 ከፍ ያደርጋል። መምህሩ በተማሪነቱ ያንኑ ያደርግ ስለነበር ገጹን ሲያየው ያውቃል፤ ግን ያሳልፈዋል።